አጥንት የማይመታበት ቢላዋ

ዘመድኩንን ይቅር በይው የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ንስሐ አባቴ ሳይቀሩ ብለውኛል። እሺ አባቴ እላለሁ፤ ቤቴ ስገባ እንደገና እረግመዋለሁ። እኔ ሣህሊቱ እንደ ባሌ ሆደ ሰፊ ሆኜ አልተፈጠርኩም። የነካኝን አልረሳም፤ ባሌን የነካውን ደግሞ ጭራሽ!

ባሌ ወንዳፍራሽ ሥጋ ቆራጭ ነው። በአዘቦት ቀን አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፤ ሲያትል ውስጥ ሠርግ ካለ ግን ቁርጡን የሚቆርጠው እሱ ነበር። ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ፣ ቄራ አካባቢ፣ ሥጋ ቤት ተቀጥሮ ነው። አለቃው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ እጀታው ቀንድ የሆነ ቢላዋ ሰጥቶት ነበር። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ልብሱን ቀንሶ እሱን ነው ሻንጣው ውስጥ የከተተው። ይኸው አለቃው አንድ ነገር ደጋግሞ አስተምሮታል፤ ማዕድ ላይ ላልተቀመጠ ሰው ስለት ገልጦ ማሳየት ነውር ነው። ሶ፣ ወንዳፍራሽ ሠርግ ሲሄድ ቢላዋውን በነጭ ጨርቅ ይጠቀልልና ግራ ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ከላይ ኮቱን ይደርባል። ለእሱ ይህ ጨዋነት ነው። እዚህ አገር ወንጀል መሆኑን ማን ይንገረው?

የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ዘመድኩን። እሱም ሥጋ ቆራጭ ነው። ወዳጅ መስሎ ቤታችን እየመጣ በእጄ ጎርሷል፤ የጎረሰበት አፉ ይድረቅና! ባሌ ሌክ ሲቲ ሰፈር ለትልቅ ሠርግ የተጠራ ዕለት ጠዋት ኮል አደረገ።

«ወንዴ፣ በምንድን ነው የምትሄደው?»

«በባቡር፤ ከዚያ አውቶቡስ እይዛለሁ።»

«ቢላዋውንስ እንዴት ትይዘዋለህ?»

«እንደ ወትሮዬ ነዋ፤ ግራ ወገቤ ላይ፣ ከኮቴ ሥር።»

ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ነበር፤ አጠገቡ ሽንኩርት እየላጥኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ዘመድኩን «ጎበዝ!» አለና ዘጋው።

ወንዳፍራሽ ሌክ ሲቲ ከአውቶቡስ ሲወርድ ፖሊሶች ቆመው ይጠብቁታል። እጅህን አንሳ አሉት። ኪሱን አልፈተሹ፣ ቦርሳውን አልነኩ፤ አንደኛው ቀጥታ ወደ ግራ ወገቡ ሄደ። ግራ ወገቡን ማን ነገራቸው? ባሌን ሕዝብ እያየው በካቴና ወሰዱት። በዚያው ሰዓት ሠርጉ ቤት ዘመድኩን ሽርጡን ታጥቆ «ወንዴ አይመጣም አሉ፤ እኔ አለሁላችሁ» እያለ ነበር።

ፍርድ ቤት ያቆመልን ጠበቃ ወጣት ነው፤ በአስተርጓሚ ነበር የሚያስረዳን። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ አደገኛ መሣሪያ ደብቆ መያዝን ይከለክላል አለን። ሲጫኑት ተስፈንጥሮ የሚከፈተውን ቢላዋማ መያዙ ራሱ ክልክል ነው። የሲያትል ከተማ ሕግ ግን ይብሳል፤ የማይታጠፍ ቢላዋ ከሆነ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ተደብቆም ተገልጦም መንገድ ላይ አይያዝም። የሚታጠፈውም ስለቱ ከሦስት ኢንች ተኩል ከበለጠ ያው ነው።

«ታዲያ በቢላዋ የሚተዳደር ሰው ምን ይሁን? በጥርሱ ይቁረጥ?» አልኩት።

አስተርጓሚዋ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ለሥራ ከሆነ በደንብ ታሽጎ፣ ወይም በመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት መሄድ ይችላል፤ ወገብ ላይ ግን አይሆንም አለን። እንግዲህ ግዛቱ መደበቁን ይጠላል፣ ከተማው መታየቱንም ይጠላል። ሾርላይን ስትሻገሪ ደግሞ ሌላ ከተማ ነው፤ እንደገና ጠይቂ! ይህን ሁሉ ዘመድኩን ያውቅ ነበር። እሱን ራሱን ቀደም ሲል አስቁመው አስጠንቅቀውታል፤ ይህን እኛ ኋላ ከሰው ነው የሰማነው። ለባሌ ግን «ተጠንቀቅ» አላለውም።

ዳግመኛ እንዳትገኝ ተብሎ ጉዳዩ ተዘጋ። ቢላዋው ግን አልተመለሰም። የባሌም ስም አልተመለሰም። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሊወጋ ሲል ተያዘ ተባለና «ጩቤኛው» የሚል ስም ወጣለት። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲያልፍ ልጃቸውን ወደ ጉያቸው የሚስቡ እናቶች በዓይኔ አይቻለሁ። ለሠርግ የሚጠራው ጠፋ። እሱ ግን ቀይ የመሣሪያ ሳጥን ከነቁልፉ ገዛ፣ አዲስ ቢላዋ ከተተበት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው።

እኔ ገንፈል ገንፈል እያልኩ ልሞት ደረስኩ። «ልሂድና ሰው ፊት ላዋርደው!» እላለሁ።

«አንቺ ብትናገሪ ለባሏ ነው ይሉሻል» ይለኛል። «ከገዛ አፉ ካልወጣ ስሜ አይጸዳም። ቀን ይመጣል።»

ዝምታው ትዕግሥት ይመስለኝ ነበር። ለካ ባሌም ቂሙን እንደ ሥጋ እያበሰለ ኖሯል።

ቀኑ በእህቴ ልጅ በኖላዊት ሠርግ መጣ። እሷ እዚህ ነው ያደገችው፤ «ጋሼ ወንዴ ካልቆረጠ፣ ኖ ዌይ፣ አላገባም!» ብላ ድርቅ አለች። የሙሽራው ቤተሰብ ደግሞ ዘመድኩንን ጠሩ። ሬኒየር ቢች ሰፈር፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለቱ አንድ የሥጋ ጠረጴዛ ደረሳቸው። ወንዳፍራሽ ቀደም ብሎ ሳጥኑን ይዞ ገባ። ዘመድኩን እንደ ልማዱ አርፍዶ፣ ቫኑን ያገኘበት ፓርክ አድርጎ፣ እየተንጎራደደ መጣ።

ሳጥኑን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ። «ወንዴ፣ ቧንቧ ልትጠግን ነው?»

እሱ የራሱን ቢላዋ ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ፣ በሱፉ ሸፍኖ ነው የመጣው። ሕጉ ለሌላ ሰው እንጂ ለእሱ መች ወጣ!

ሽርጡን እንዳሰረ፣ ቢላዋውን ገና ሳያወጣ፣ ሙዚቃው ቆመ። ዲጄው በማይክ «የጎረቤት መውጫ የዘጋ ነጭ ቫን የማን ነው? ፖሊሶች በር ላይ ናቸው፤ ባለቤቱ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ይምጣ» አለ። ሰዉ ሁሉ ወደ ዘመድኩን ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሽርጡን የሚያወልቅ መስሎ ከጠረጴዛው ጀርባ ወደ ባሌ ተጠጋ።

«ወንዴ፣ በእናትህ፣ ቢላዋዬን ያዝልኝ።»

እኔ ሣህን ይዤ እዚያው አጠገባቸው ነበርኩ። «ግራ ወገቡ ላይ ነው! ግራ ወገቡን ፈትሹት!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቻለሁ። ወንዳፍራሽ በዓይኑ ያዘኝ።

«ያን ቀን ለፖሊስ ማን ነው የደወለው?» አለው፤ ሥጋውን መቁረጡን ሳያቆም።

«አሁን ይኼ…»

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጮክ በል፤ ጋሽ መልከጸዴቅ አልሰሙም።»

ጋሽ መልከጸዴቅ የኖላዊት የአባቷ አባት ናቸው፤ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው ሻኛ እየጠበቁ ነበር። ዘመድኩን ወደ በሩ አየ፣ ወደ ሽማግሌው አየ። «እኔ ነኝ የደወልኩበት፣ አባቴ። ሠርጉን ልወስድበት ብዬ ነው» አለ። ወንዳፍራሽ ቢላዋውን በፎጣ ሥር ተቀብሎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ቆለፈ። ዘመድኩን ወጥቶ ቫኑን አነሳ። ምንም አልሆነም፤ እኔ ብቻ ተቃጠልኩ።

ሲመለስ እጁን ዘረጋ። «በል፣ ስጠኝ።»

«ሕዝብ ፊት ጠይቀኝ» አለው ባሌ። «እንዴት እጄ እንደገባ ተናገርና ውሰድ።»

አልጠየቀም። ጋሽ መልከጸዴቅን ንገሩልኝ ብዬ ጫማቸው ላይ ልወድቅ ስል፣ «ልጄ፣ ከእኔ የወጣ ወሬ ነው፤ ከእሱ የወጣ ኑዛዜ ነው። ይቆይ» አሉኝ።

ሁዳዴ አልፎ ፋሲካ ሆነ። ለቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቆራጭ ሲፈለግ ጋሽ መልከጸዴቅ «ወንዳፍራሽ ይቁረጥ» አሉ፤ ያጉረመረመ ቢኖርም የሽማግሌ ቃል ነውና ሆነ። ባሌ ሳጥኑን ከፍቶ የራሱን ቢላዋ ትቶ የዘመድኩንን አወጣ። ዘመድኩን ሣህን ይዞ ተሰልፏል። የመጀመሪያዋን ሻኛ ባሌ ቆረጠ፤ እኔ ለዘመድኩን ወሰድኩለት።

«ብላ እንጂ ዘመዴ! አፈር ስሆን!» አልኩት፣ ጥርሴን እያሳየሁ። አኘከ፣ አኘከ። እኔም እስኪውጥ አጠገቡ ቆምኩ።

ያኔ ወንዳፍራሽ አንድ ትልቅ የቅልጥም አጥንት ጎትቶ አመቻቸና የዘመድኩንን ቢላዋ ከራሱ በላይ አነሳ። ሥጋ ቆራጭ ያልሆነ ሰው ይህን አይረዳም። ቁርጥ የሚቆረጥበት ቢላዋ አጥንት አይመታበትም፤ ከተመታበት ስለቱ ይሸረፋል፣ አለቀለት። ለአጥንት ሌላ መጥረቢያ አለ፤ እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል።

«አጥንት አትምታበት!» ብሎ ዘመድኩን ጮኸ። ሣህኑ ከእጁ ወደቀ። «የአባቴ ቢላዋ ነው!»

ጋሽ መልከጸዴቅ ቀስ ብለው ተነሱ። «የአባትህ ቢላዋ ወንዳፍራሽ ዘንድ ምን ይሠራል?» አሉት። «ንገረን።»

ወንዳፍራሽ ቢላዋውን ከአጥንቱ በላይ እንዳነሳ ነው። ዘመድኩን ተናገረ። ስልኩን፣ ግራ ወገቡን፣ የቫኑን ነገር፣ ሁሉንም። ልጆቻቸውን ይስቡ የነበሩት እናቶች መሬት መሬት አዩ። እኔ እልል ልል ምን ቀረኝ!

ሲጨርስ እያለቀሰ ጠጋ አለና እጁን ዘረጋ። ባሌ ቢላዋውን አወረደ፣ አጠበው፣ አደረቀው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለው።

«የመሣሪያ ሳጥን ይዘሃል?» አለው።

«የምን ሳጥን?»

«ታዲያ እንዴት ልትወስደው ነው? ግራ ወገብህ ላይ ሻጥ ላድርግልህ? እኔ እንደዚያ ነው የተያዝኩት።» ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ቆለፈው። «የእኔን ያን ጊዜ ወሰዱት፤ ያንተ ይኸው አለ። ሳጥን ገዝተህ ና።»

ቁልፉን ለእኔ አቀበለኝ። ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። ዘመድኩን በማግስቱ አዲስ ሳጥን አንጠልጥሎ ደጃችንን አንኳኳ፤ በመስኮት አየሁት፤ ቁልፉን በእጄ ዳሰስኩትና ቡናዬን መጠጣት ቀጠልኩ።