ጋሽ ጳውሎስ የሠሩልኝ ፒያኖ

ልጅ ሳለሁ፣ ጀንበር የሀዋሳ ሐይቅ ላይ ስትጠልቅ፣ አክስቴ አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ስትጠብስበት የዋለችውን የከሰል ምድጃ ይዛ ትመለስና ግቢያችን መሃል ታስቀምጠው ነበር። መብራት ከጠፋ ፋኖስ ይለኮሳል። ያኔ የግቢው ልጆች ፍሙን ከበን እንቀመጣለን፤ የኋላዋን ክፍል የተከራዩት ጋሽ ጳውሎስም በርጩማቸውን ይዘው ይወጣሉ። ወላጆቼን አላውቃቸውም፤ ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እሷም ደክሟት ነበር የምትመጣው።

ጋሽ ጳውሎስ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው በረዷማ አገር ለትምህርት ተልከው ፒያኖ ተምረዋል፤ በትልልቅ አዳራሾችም ተጫውተዋል። እናታቸው ሲታመሙ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ፒያኖ አላገኙም። ማታ ማታ የሚያወሩልን ያንን ነበር፤ ስለ ጥቁሩ ኮት፣ እጃቸውን በሞቀ ውሃ እየነከሩ ተራቸውን ስለጠበቁባት ጠባብ ክፍል፣ ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት ስለሚወርደው ዝምታ።

«ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ አንድም አይስልም» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ጉንፋን የያዘው የለም እንዴ?» ይላል አንዱ።

«ያለበትም ሳሉን ይውጠዋል።»

እንስቃለን። ለሌሎቹ ተረት ነበር። እዚያ መድረስ እንደሚቻል ያመንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ቀን ክፍላቸው ድረስ ሄጄ «ያስተምሩኝ» አልኳቸው። «በምኑ?» ብለው ሳቁ። የቤተ ክርስቲያናችንን ኪቦርድ ልጅ አያስነኩም ነበር። በሳምንቱ ከዓሣ አጥማጆች የተሰበረ ጀልባ ጣውላ ለምነው መጡ። ላጉት፤ የቁልፎቹን ስፋት በመዳፋቸው ለክተው በእስክሪብቶ አሰመሩ፤ ጥቁሮቹን በከሰል ቀቡ። እኔ እንጨቱን ስጫን እሳቸው ድምፁን በአፋቸው ያወጡታል። ከጊዜ በኋላ ማዜሙን ተዉት።

«አሁን በውስጥህ ስማው። ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል፣ ጋሼ።»

አይሰማኝም ነበር። ከእንጨቱ ኳኳታ ሌላ አንድም ቀን ምንም አልሰማሁም። እውነቱን ብናገር የሚተዉኝ መስሎኝ ነው። እንዲህ ሦስት ዓመት ሄደ። ልጆቹ በበሩ ሲያልፉ «ድምፁን ቀንሰው እንጂ፣ እንተኛበት!» ይሉኛል። ለዘመን መለወጫው ለፊቼ ሁሉም ወደ በዓሉ ሜዳ፣ ወደ ጉዱማሌ፣ ሲጎርፉ እኔ ጣውላው ላይ ነበርኩ፤ ጣቶቼ በከሰል ጠቁረው።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ጋሽ ጳውሎስ ከሥራ ፈቃድ ወስደው አዲስ አበባ፣ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ለመግቢያ ፈተና ወሰዱኝ። አክስቴ ስትሸኘኝ፣ «ካለፍክ ምግብና መኝታ ይሰጡሃል፤ ከወደቅክ የዓሣ ቅርፊት መፋቁ ይጠብቅሃል» አለችኝ።

የፈተናው ክፍል ስለሚሞቅ በሩ ክፍት ነበር። ጋሽ ጳውሎስ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ያኖሩት ባርኔጣ ይታየኛል። ጣውላውን በምመታበት ጉልበት የፒያኖውን የመጀመሪያ ቁልፍ መታሁት። ጮኸ። እጄን እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰብኩ። እንደገና ጀምሬ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ።

ከፈታኞቹ አንዷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጣቶችህ አይሳሳቱም። ግን ሚስማር ነው የምትመታው። ማን ነው እንዲህ ያበላሸህ?»

ባርኔጣው አልተንቀሳቀሰም።

«ማንም» አልኩ። «ራሴ ነኝ የተማርኩት።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ብቻህን?» አሉ። እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። ያበላሸው መምህር ጠፍቶ ተአምረኛ ልጅ ተገኘ። አለፍኩ።

በአውቶቡስ ስንመለስ ጋሽ ጳውሎስ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። ሻሸመኔን ካለፍን በኋላ ነው አፋቸውን የከፈቱት፦ «የመጀመሪያው ድምፅ አስደነገጠህ አይደል? እኔንም አስደንግጦኝ ነበር።» ማታ ልጆቹ ሲሰበሰቡ፣ «ዛሬ እሱ ያውራ፤ የኔ አሮጌ ሆኗል» አሉ። አወራሁ። «ማንም» ያልኳትን ብቻ ዘለልኳት። እሳቸውም አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ እዚያ እንዳልነበረ ሰው ሰሙኝ።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ፣ ከዚያ ውጭ አገር፣ ከዚያ አዳራሾቹ መጡ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሆቴል፣ ልምምድ፣ መድረክ፣ ሆቴል። አብሮኝ የሚበላ ሰው የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። በር ላይ በሚታደለው ወረቀት ሁሌም «ሀዋሳ ሳለ ራሱን ያስተማረ» ተብሎ ይጻፋል። አንድም ጊዜ አላረምኩትም።

ጋሽ ጳውሎስ ሲሞቱ ሩቅ ነበርኩ። አክስቴ በስልክ ነገረችኝ። ስለ እኔ ያነሱት ነገር እንደነበር ጠየቅኳት።

«ያላነሱበት ቀን አለ እንዴ! ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ ‹ይህን ልጅ ማንም አላስተማረውም› ይሉ ነበር። ‹ምነው ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ?› ስላቸው፣ ‹ዝም በይ፣ ፈታኞቹ ይሰሙና ይመልሱታል› ይሉኛል።»

ያን ጊዜ ተመርቄ ዓመታት አልፈው ነበር።

ካወሩልን ብዙው ተምታቶብኛል። የትኛውን አዳራሽ ከእሳቸው እንደሰማሁት፣ የትኛውን በእግሬ እንደገባሁበት አንዳንዴ አልለየውም። የአክስቴ ቃል ግን አልተምታታብኝም። አሁን ከየትም የሚመልሰኝ የለም። ያስተማሩኝ ጋሽ ጳውሎስ ናቸው።