የጾም አጥሚት

«እሳቸው ምን ያውቃሉ?» ሲባል ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ቅድመ አያቴ ከሁሩታ መጥተው አሰላ አክስቴ ቤት ከገቡ ጀምሮ ይቺን ንግግር በቀን አሥር ጊዜ እሰማት ነበር። አልጋቸው ሥር ቆመን «ደክመዋል፣ ጆሯቸውም አይሰማም» እያልን በቁማቸው እናወራባቸዋለን። ጆሯቸው ከእኔ ይሻል ነበር። አርጅቶ ጉልበት ማጣት ያለ ነው። እኔን የሚያቃጥለኝ፣ ሰው ሲያረጅ ሁሉም ያውቅለታል፣ የሚጠይቀው ግን የለም።

ያን ዓመት ዓቢይ ጾም ሲገባ ሐኪሙ ወተት ይጠጡ አለ። የንስሐ አባታቸውም መጥተው በዚህ ዕድሜ ጾም እንደማይገደዱ ነገሯቸው። እሳቸው መስቀሉን ተሳልመው፣ «አባቴ፣ ጉልበቴ ሄደ፣ ዓይኔ ደከመ፣ ጥርሴም አለቀ። ጾሜን እንኳ ይተዉልኝ» አሉ። ቄሱ ባረኳቸውና ሄዱ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።

አክስቴ ግን «እሳቸው ምን ያውቃሉ?» ብላ በማግስቱ የአጃ አጥሚቱን በወተት ሠራችው። «በውኃ ነው በያቸው» አለችኝ። ቀኑን ጾመው ሲውሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኩባያውን የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ።

«የጾም ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በልጅነት አላመካኝም።

«እደጊልኝ። አስቀምጪው፣ ይብረድልኝ» አሉኝ። በየቀኑ ዋሸኋቸው፣ በየቀኑ መረቁኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ዘመዶች ሊጠይቋቸው መጡ። አክስቴ በራቸው ላይ ቆማ፣ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ፣ «በወተት እያታለልን ነው ያቆምናቸው። ፊታቸው አልተመለሰም?» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቄን ዛሬ ባገኘው በጥፊ እለው ነበር።

ዘመዶቹ ሲሄዱ እንደ ልማዴ ኩባያውን አድርሼ ወጣሁ። ነጠላዬን ረስቼ ስመለስ፣ ቅድመ አያቴ በአንድ እጃቸው የመስኮቱን ብረት ይዘው፣ በሌላው አጥሚቱን ውጭ ለቆመው ውሻ ያፈሳሉ።

ሲያዩኝ አልደነገጡም። «ይኼ ውሻ በጾም ሲወፍር አልገረማችሁም?» አሉ።

«መቼ አወቁ?»

«የመጀመሪያው ቀን ነዋ። ሁሩታ ስንት ዘመን ላም ያለብኩ፣ የወተት ቅል በወይራ ያጠንኩ ሴት፣ ወተት ሲሸተኝ አላውቀውም?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋትም ማታም ሳይበሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከኩባያው ጋር የማደርስላቸውን ቁራሽ ዳቦ በሻይ አርሰው ብቻ ነበር የሚቀምሱት። ልናበረታቸው ብለን በረሃብ ቀጣናቸው። ተናደድኩ፤ የሚያሳፍረው፣ መጀመሪያ የተናደድኩት በእሳቸው ነበር። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

«አክስትሽን ተያት፣ እሷ ድሮም ማዘዝ ትወዳለች። አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው የጠበቅሁት።»

በማግስቱ አጥሚቱን ራሴ በውኃ ሠራሁት፣ ከአክስቴም ጋር ተጣላሁ። ለፋሲካ ወተቱን ከእሷ እጅ ተቀብለው እየመረቁ ጠጡላት። «እኔ ነኝ ያቆየኋቸው» ትላለች እስከ ዛሬ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። እኔንም እንደ በፊቱ «እደጊልኝ» ይሉኝ ነበር። ከእጄ የተቀበሉትን ግን፣ ውኃ እንኳ ቢሆን፣ መጀመሪያ ሳያሸቱ አንድም ቀን አልጠጡም።