እሱ ካረፈ በኋላ የወጣው ጽሑፋችን

የሥራ ባልደረባዬ የአበርገሌ ልጅ ነበር። ሰቆጣ ውስጥ በአንድ ቢሮ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስለ ፍየል ስናጠና ዓመታት ቆየን። እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ የቆላው ሙቀት ያደክመኝ ነበር፤ እሱ ግን ወደ አገሩ ወደ ኒሯቅ የሚወርደው መኪና ገና ሲነሳ ፊቱ ይፈካል። የምናጠናው በበጋ የሚወለዱ ግልገሎች ለምን እንደሚያልቁ ነበር።

ጽሑፉ ሲያልቅ የት እናሳትመው በሚለው ሳንስማማ ቆየን። እኔ ስሙ የታወቀ ጆርናል ፈለግሁ፤ እዚያ ያሳተመ ሰው የትምህርት ዕድል ቶሎ ይቀናዋል። እሱ ግን ማንም ሳይከፍል የሚያነበው፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ጆርናል ካልሆነ አሻፈረኝ አለ። ምክንያቱን ያን ቀን ነገረኝ። ተማሪ ሳለ ከውጭ የመጡ አጥኚዎችን እየመራ መንደር ለመንደር ዞሯል፤ ደም ሲቀዱ ፍየሎቹን ይዞላቸዋል፤ የአርሶ አደሮቹን ቃል ከአገሩ ቋንቋ ከኽምጣና ወደ አማርኛ መልሶላቸዋል። በኋላ ጽሑፋቸው መውጣቱን ሰምቶ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አገኘው። የተከፈተለት ግን አጭሩ ማጠቃለያ ብቻ ነበር፤ ቀሪውን ለማንበብ ክፈል ይላል።

«የአባቴ ፍየሎች እዚያ ውስጥ አሉ፤ እኔ ግን በር ላይ ቀረሁ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩትም። እሱ ወዳለው ጆርናል ላክነው። እንዲህ ያለው ጆርናል የሚያስከፍለው ጸሐፊውን ነው፤ ከድሃ አገር ለሚጽፉ ግን ክፍያውን ስለሚተዉ ገንዘቡ አላስቸገረንም።

የጆርናሉ ገምጋሚዎች አስተያየታቸውን ልከውልን እያረምን ሳለ ጦርነቱ ደረሰ። መብራቱ ጠፋ፣ ስልኩ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ። እሱ የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ ያለ ኢንሱሊን አይውል አያድርም። መድኃኒቱን ፍለጋ ያላንኳኳነው በር የለም። ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው በጣም ተዳክሞ አገኘሁት። ስለ ሕመሙ አላወራም፤ ገምጋሚዎቹ አስተካክሉ ያሉንን ሠንጠረዥ ጨርሼው እንደሆነ ጠየቀኝ። ጨርሻለሁ፣ ኔትወርክ ሲመጣ እንልከዋለን አልኩት። በማግስቱ አረፈ። አስከሬኑን ወደ አገሩ ማድረስ ስላልተቻለ ሰቆጣ ቀበርነው፤ ቤተሰቦቹ መርዶውን የሰሙት ብዙ ከቆየ በኋላ ነው።

ኔትወርኩ ሲመለስ የታረመውን ጽሑፍ ላክሁ፤ ተቀባይነትም አገኘ። ከመታተሙ በፊት ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ ስሙ እንዲወጣ መስማማቱን በየራሱ ኢሜል እንዲያረጋግጥ ተጠየቅን። የእኔን ወዲያው መለስሁ። ለእሱ የተላከው መልስ አጣ። ጆርናሉ ደጋግሞ የማስታወሻ መልእክት ይልክልኝ ጀመር፤ አብሮዎት የጻፉት ባልደረባዎ እስካሁን አልመለሱም ይላል። ለጆርናሉ አርታኢ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ሰነበትኩ። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ፣ ሞቷል ብዬ ጻፍኩላት። ለቅሶው ላይ ተቀምጬ፣ ሰው አጽናንቼ፣ ያን ያህል ሳይሰማኝ የቆየው ነገር ያኔ ደረቴን ሰነጠቀው። አርታኢዋ ደግ ሴት ነበረች፤ አጽናናችኝና ከቤተሰቡ አንድ ሰው ፈቃዱን ይስጥልን አለችኝ።

ስለዚህ ወደ አበርገሌ ወረድኩ። አባቱ ቄስ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጠን የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ልጃቸው ምን እንደጻፈ ጠየቁኝ። ስለ እናት ፍየሎቹ ወተት፣ በበጋ ስለሚረግፈው ቅጠል፣ ስለ ግልገሎቹ እያልኩ በአማርኛ ተረክሁላቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ስሙን ማን ሊፍቀው ፈልጎ ነው?» አሉ።

«ማንም፣ አባቴ። እንዲወጣ እርስዎ ይፍቀዱ ተብሎ ነው።»

«እንግዲያ ይውጣ።»

ጽሑፉ የወጣ ጊዜ ስልኬ ላይ ጭኜ እንደገና ወደዚያው ዛፍ ሥር ሄድኩ። አባቱ ግዕዝና አማርኛ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ግን አያውቁትም። በዓለም ያለ ሰው ሁሉ ሊያነበው ይችላል ልላቸው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ስሙን ብቻ አሳየኋቸው። በጆርናሉ ደንብ መሠረት ያረፈ ጸሐፊ ስም አጠገብ መስቀል የምትመስል ትንሽ ምልክት ትደረጋለች። እሷን አስተዋሏት።

«ይህ መስቀል ነው?»

«አዎ፤ ማረፉን ለማሳወቅ ነው።»

ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሊሳለሙ ጎንበስ ሲሉ ስክሪኑ ጠፋ። እንደጎነበሱ ጠበቁኝ። መልሼ አብርቼ ስሙን አገኘሁላቸው። ተሳለሙና ስልኩን መልሰውልኝ ወደ ቅጥሩ ገቡ።

ሰቆጣ እንደተመለስኩ ጽሑፉን ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርኩ፤ እስካሁን አልጨረስኩትም። ፍየሎቹ በቆላው የሚበሏቸውን ቅጠሎች የምናውቃቸው በኽምጣና ስማቸው ነው፤ አማርኛውን የሚያውቀው እሱ ነበር።