ከክረምት ፀጉር ሥር

ኦስላ ጎረቤቴ ናት። እዚህ ሩቅ ሰሜን ባለችው ብርዳም ኡንስት ደሴት ላይ የእሷና የእኔ መሬት የሚለየው በአንድ አጥር ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያሏት አራት ድንክ ባዝራዎች ብቻ ናቸው። አይ፣ አታሳዝንም፤ ሰው ሲበዛባት ራሷን ያማታል።

ድንክ ፈረስ በብርዱ ወራት በረት አይገባም። ኮረብታው ላይ ያድራል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ወርዶ የባሕር አረም ይለቅማል። በረዶው ጀርባው ላይ ሳይቀልጥ ካደረ ሙቀቱ አላመለጠም ማለት ነው። ከደቡብ የመጡት ጎረቤቶቻችን ፈረሳቸውን ካፖርት ሲያለብሱ ኦስላ፣ «ጫማስ አልገዙለትም?» ትላለች።

ችግሩ ለብርዱ የሚያበቅለው ወፍራም ፀጉር ነው። ፈረሱ አጥንቱ ብቻ ቀርቶም ከሩቅ ሲያዩት የጠገበ ይመስላል። ስለዚህ ጓንት አውልቆ፣ እጅን ከፀጉሩ ሥር ሰዶ ጎድኑን መዳበስ ነው። በዚህ ኦስላን የሚያክላት አልነበረም፤ እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ባለፈው የካቲት ሚና የምትባለውን አሮጊቷን ባዝራ ዳበሰችና፣ «ድንች መስላለች! ምንም አልሆነችም» አለችኝ። አጥር ልጠግን ወጥቼ ነበር። እንዲያው ሳልፍ እኔም እጄን ሰደድኩ። ጎድኗ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ኦስላ፣ ይቺ እኮ አጥንቷ ነው የቀረው!»

«የደነዘዘው ያንተ እጅ ነው! ሂድ አጥርህን ጠግን!»

ድርቆሽ ተሸክሜ ብሄድ በሯን ዘጋችብኝ። እንዴት እንደተናደድኩ! እሷ ግትር ትሁን፤ እንስሳዋ ምን አደረገች?

ከጥቂት ቀን በኋላ ኦስላን ባሕሩ ዳር አየኋት። ሻሿን አውልቃ፣ በረዶው ላይ ተንበርክካ፣ የሚናን ፀጉር በሁለት እጇ ከፍላ ጉንጯን ከጎድኗ ለጥፋለች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ቀና ስትል ግን ፊቷ ደረቅ ነው።

«ልክ ነህ ራስሚ» አለች። «ጣቶቼ ምንም አይሰማቸውም። ከአምና ጀምሮ ነው። የእህቴ ልጅ ከሰማ በነጋታው መጥቶ ፈረሶቼን ይሸጥብኛል።»

«ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ አንቺ ሴትዮ?»

«አንተ ጋ ነገር ያድራል እንዴ?»

ድርቆሽ አመጣን፤ ገብስ በሙቅ ውሃ እያራስን ሚናን አበላናት። ረፍዶ ነበር፤ በሳምንቱ ሞተች። በማግስቱ ኦስላ የቀሩትን ሦስቱን እየጎተተች በሬ ላይ አቆመቻቸው።

«ውሰዳቸው። ሌላዋንም ከመግደሌ በፊት።»

«አልወስድም! ያንቺ ናቸው። መዳበሱን እኔ እዳብስልሻለሁ።»

 ገመዳቸውን ሰብስባ ይዛቸው ተመለሰች።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ገመዱን ትይዛለች፣ እኔ እዳብሳለሁ። «ደህና ናት» ስላት መስማቷንም እንጃ። እጄ ከፀጉሩ ሥር እስካለ ድረስ ዓይኗን ከፊቴ አትነቅልም።