የለቅሶ ቤት ፈንድሻ

ፊደል የቆጠርኩት ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው። የወፍጮ ሞተር መፍታትና መግጠም የተማርኩትም፣ የሣር ቤቴን አፍርሼ በቆርቆሮ የከደንኩትም ማንም እጄን ይዞ ሳያሳየኝ ነው። ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ወፍጮ የቆመበት ሁሉ «ሽማግሌውን ጥሩት» ይል ነበር። ይህን የምናገረው ለመኩራት ብቻ አይደለም። ብኮራም ነውር የለበትም፤ የሠራሁትን እኔ ካልተናገርኩት ማን ይናገርልኛል? የምናገረው እንዲህ ያለው ሰው የአንዲት ትንሽ ልጅ አፍ ማስከፈት እንዴት እንዳቃተው እንዲገባችሁ ነው።

ልጄ ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ሴት ልጇ ያኔ አሥር ዓመት ሊሞላት ነበር። በተኩሱ የተነሣ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ልጄን ሆዷን በጠና አመማት። መኪና የሚባል አይንቀሳቀስም። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት በእግር መንገድ ተጓዙ፤ ፍኖተ ሰላም ሳትደርስ አረፈች። በቀብሯ ዕለት ልጅቱን ጎረቤት ቤት አስቀመጥኳት። ሕፃን ጉድጓድ አፋፍ ላይ አይቆምም ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ይህን አልሽርም።

ከቀብር ስንመለስ ልጅቱ መጥታ መደቡ ጥግ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። አልበላችም። በለቅሶ ቤት የቤቱ ሰው ምግብ አይሠራም፣ ጎረቤት ነው በየተራ የሚያመጣው። እንጀራው መጣ፣ ንፍሮው መጣ፣ እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በግድ ሲያጎርሷት ጉንጯ ውስጥ ይዛው ትቆይና ወጥታ ትተፋዋለች። የነፍስ አባታችን ጸበል አመጡላት፤ ውኃ ነውና ጠጣችው። ሴቶቹ «ሐዘን ነው፣ ይለቃታል» ይላሉ። ሐዘኑ ሳይለቃት ሥጋዋ ለቀቃት። የእጇ አንጓ የመጥረጊያ እንጨት አከለ።

እኔ አልነሳም ያለ ሞተር መትቼ አላውቅም። መጨረሻ ሲሠራ በምን ይሠራ እንደነበር ነው የምጠይቀው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በክረምቱ መግቢያና መውጫ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለው ወንዝ ሲሞላ፣ ቤታቸው ማዶ የሆነ የክፍሏ ልጆች መሻገር እያቃታቸው እኛ ቤት ያድሩ ነበር። እናቷ የዚያን ቀን ዳቦ ቆሎ በኑግ ዘይት ታዘጋጅላቸዋለች፣ ፈንድሻ ታፈነዳለች፣ በሶ በማር አሽታ በልጅ እጅ ልክ ትጨብጥላቸዋለች። ሁሉም በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ተደርድረው ይቆረጥማሉ፣ ያወራሉ። ስንቴ ከመኝታዬ ሆኜ «እናንት አይጦች፣ ዝም በሉ» ብያለሁ። ልጅቱ ሆዷ እስኪነፋ ስትበላ ያየኋት ያኔ ነው።

እንግዲያው ጓደኞቿን አመጣለሁ፣ ያንኑ ምግብ እሠራለሁ አልኩ።

ሦስት ቤት ሄድኩ። ሁለቱ እናቶች ፈቀዱልኝ። የሦስተኛው ቤት አባት በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ።

«በዚህ ጊዜ ልጄን ከቤቴ ውጭ አላሳድርም፣ አባቴ።»

«እኔ ቤት እኮ ነው። የእኔን ቤት ማን ይደፍራል?»

«አንቱን የሚያውቅዎ ሲመጣ አይደል የሚያፍርዎ። የሚመጣውን ማን ያውቀዋል?»

ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ ግን በሩን ዘጋው።

ስመለስ ታናሽ እህቴ ጓዳ ውስጥ አገኘችኝ። ለለቅሶው ከቡሬ በእግሯ የመጣች ናት። ዱቄት ስሰፍር ቆማ ታየኛለች።

«ጋሼ፣ ምን ሊሆኑ ነው?»

«ዳቦ ቆሎ ልሠራ።»

«አንቱ?»

«እኔ።»

«ይሁን እንግዲህ። ይኼ በቆሎስ?»

«ፈንድሻ ነው።»

የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። «አርባዋ ሳይወጣ? ፈንድሻ የሠርግ ነው፣ የክርስትና ነው። ሰው ዳስ ውስጥ ለእርስዎ ልጅ ተቀምጦ እያለቀሰ እርስዎ ፈንድሻ ያፈነዳሉ? ሽማግሌው ደስ ብሎታል ነው የሚሉን።»

«ሰው የሚለውን ብሰማ ኖሮ ይኼን ጊዜ በሬ እየነዳሁ ነበር።»

«በሬስ ሲነዱት ይሰማል» አለችና ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

ዳቦ ቆሎ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ጊዜ ቡሬ ዳቦ ቤት በመስኮት አይቻለሁ። ለእኔ አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ዱቄቱን በውኃ አቦካሁት፣ ከዚያ ዘይቱን ጨመርኩ፣ አድቦልቡዬ በቢላ ከተፍኩት፣ ቆላሁት። መልኩ ያምራል። እናቷ የሠራችው እንኳ እንዲያ አልቀላም። ሲቀዘቅዝ ግን ጠነከረ፤ እኔም በቀሩኝ ጥርሶች አልሞከርኩትም።

ፈንድሻው ነበር ችግሩ። ድምፁ ዳሱ ድረስ ይሰማል። የሞተር ጭስ ማውጫ እንዴት እንደሚታፈን የማውቅ ሰው ድስት ያቅተኛል? ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫንኩ፣ በላዩ እርጥብ ጆንያ አለበስኩት። እንዳሰብኩት አንድም ድምፅ አልወጣም። ስከፍተው እንፋሎቱ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ ፈንድሻው ዝናብ እንደመታው ጥጥ ተኮማትሯል፣ ሥሩም አሯል። ሽታውን ግን ማንም አላፈነውም። ዳሱ ውስጥ ወሬው ቆመ። የእድሩ ዳኛ ዱላቸውን ይዘው እስከ ጓዳው በር መጡ።

«የምን ሽታ ነው እርስዎ ቤት?»

«ፈንድሻ ነው።»

«ለማን ደስታ?»

«ለደስታ አይደለም። ልጅቱ እንድትበላ ነው።»

ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «እግዜር ያጥናዎ» አሉና ወጡ። ተከትለዋቸው የተነሡትን ጋቢዎች በመስኮት አየኋቸው። ዳሱ ባዶውን ቀረ።

ሁለቱ ልጆች ፀሐይ ሳትገባ መጡ፤ አንዷ ረጅም፣ አንዷ ድንቡሼ። በልጅቱ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ዳቦ ቆሎውን፣ ፈንድሻውንና በማር ያሸሁትን በሶ በሰፌድ ፊታቸው አኖርኩ። ድንቡሼዋ አንድ ዳቦ ቆሎ ወደ አፏ ወረወረችና ጉንጯን ያዘች።

«አባባ፣ ጠጠር ነው እኮ።»

«ዝም በይ፣ ሽማግሌ ነው የሠራው» አለች ረጅሟ።

«ታዲያ ሽማግሌው ይብላዋ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ወዲያው የት እንዳሉ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። የልጅ ልጄ አልሳቀችም። ግን ፊቷን ከግድግዳው አዙራ ሰፌዱን ታይ ነበር። ድንቡሼዋ በሶውን ወደ እሷ ገፋችላት።

«ይኼ ይለሰልሳል። ብይ።»

«እማዬ ስትመጣ።»

ከለቅሶው ወዲህ ስትናገር ስሰማት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«መች ስትመጣ?» አለች ረጅሟ።

«ቃሬዛው ላይ ሲያስተኟት ‹ስመለስ አብረን እንበላለን› ብላኛለች። ሳልበላ እጠብቃታለሁ ብያታለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ትመጣለች አይደል፣ አባባ?»

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየኋት፣ አየችኝ። ያኔ ገባን። ቡሬ ላለው ዘመድ መርዶ ነጋሪ ልከናል፣ ሊበን ላለው ልከናል፣ ግሽ ዓባይ ድረስ ልከናል። እዚሁ መደብ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ግን ማንም አላረዳትም። እኔ እህቴ ነገረቻት ብዬ፣ እህቴ እኔ ነገርኳት ብላ፣ ጎረቤት ደግሞ ይኼ የቤተሰቡ ነው ብሎ። ለቅሶውን በጆሮዋ እየሰማች ሰው የሚያለቅሰው እናቷ ስለታመመች ነው ብላ ይሆናል። ጉድጓዱን እንዳታይ ያደረግኋትም እኔው ነኝ።

መርዶ ወግ አለው። መርዶ የሚነገረው ሰው እህል ቀምሶ፣ በሰላም ተኝቶ ያድራል፤ ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ገብቶ ይነግረዋል። ይህቺ ግን ሳታውቅ እህል አትቀምስም። ሳትቀምስ የምታድረው ሌሊት ደግሞ ስንት እንደቀራት አላውቅም። እህቴ «ጋሼ፣ ይንጋ» አለች በለሆሳስ። እኔ አልጠበቅሁም። አጠገቧ ተንበረከክሁ።

«አትመጣም። እናትሽ ሞታለች። የቀበርኳት እኔ ነኝ።»

አፌን አየችው። ከዚያ የጮኸችውን ጩኸት ዛሬም አልረሳውም። ፈንድሻውን ሸሽተው የሄዱት ሰዎች ሮጠው ተመለሱ፤ የእድሩ ዳኛ ዱላቸውን ጥለው ነው የመጡት። ዳሱ ሞላ፣ ቤቱ ሞላ። ሴቶቹ እንደገና ደረት መቱ። ሁለቱ ልጆች መሐል ሆና ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች፣ እነሱም አብረዋት።

ንጋት ላይ ሦስቱ በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ተኮራምተው ነበር። እሷ ነቅታለች። እጇን ወደ ሰፌዱ ሰድዳ ያን እርጥብ ፈንድሻ አንድ አንድ እያለች ትበላ ነበር። ደረቅ ቢሆን ኖሮ በዚያ በቆሰለ ጉሮሮዋ አይወርድም ነበር፤ ይህን ለእህቴ ነግሬያታለሁ። መርዶን በምሽት፣ ያለ ሰው፣ እንደ ውሻ ልጅ ነገራት የሚሉኝ እስከ ዛሬ አሉ። ይበሉ። ልጅቱ ግን በላች።

ጠዋት ሁለቱን ልጆች እስከ ወንዙ ሸኘኋቸው። ድንቡሼዋ ፊት ፊት ሄደች። ረጅሟ ከእኔ ጋር ቀረች፣ ድንጋይ በእግሯ እየገፋች።

«አባባ፣ አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ከወረደ ቆየ። ሰው ሁሉ ይመጣል ይለኛል።»

«እህ።»

«እርስዎ አይዋሹም። ይመጣል?»

በዕድሜዬ ተጠይቄ መልስ ያጣሁበትን ነገር አላስታውስም። ወንዙ ጎድሏል፤ ድንጋዮቹ ብቅ ብቅ ብለዋል። እጇን ይዤ አሻገርኳት።

«አላውቅም» አልኳት።

እጄን ለቀቀችና ጓደኛዋን ተከተለች።