በሦስት ገበያ የተለፈፈው ሣጥን

ሲሳይ ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ፣ አንድ እጁን መዝጊያው ላይ አሳርፎ ቆሞ ነበር። ሼህ ሙሄ ከግራሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ገበሬዎቹ ሽመላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል። ሴቶቹ የክፍሎቹን ግድግዳ ይዘው፣ ጥላው በጠበበ ቁጥር ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ። ከአዲስ አበባ የመጣችው መሐንዲስ፣ ሜሮን የምትባል ቀጭን ልጅ፣ መሀል ሜዳው ላይ ከአንድ የተማሪ ጠረጴዛ ጀርባ ነበረች። እኔ ከጠረጴዛው በስተግራ፣ ለዕድሜዬ ተብሎ በተሰጠኝ ወንበር ላይ፣ ጃንጥላዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር።

ይህ የሆነው ባለፈው ኅዳር ነው። ቦታው ከቆቦ በስተምሥራቅ፣ ሜዳው አልቆ የዞብል ተራራ የሚጀምርበት ቀበሌ ነው። እዚያ የስልክ ኔትወርክ አይደርስም። ሲሳይ የእናቴ ወንድም ልጅ ነው፤ ቆቦ ወደምኖረው ወደ እኔ ለመደወል ኮረብታ ይወጣል። በዚያ ሳምንትም ነፋሱ ድምፁን እየቆረጠው፣ «እትዬ፣ ኢንተርኔት የሚያመጣ ፊኛ ሊሰቅሉልን ነው። ከየቤተሰቡ የተማረ ሰው ይገኝ ብለዋል፤ ይምጡልን» አለኝ።

«እኔ ምን ተምሬ?»

«አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ከእኛ ዘር ከእርስዎ በፊት ማን አለ?»

በባጃጅ ሄድኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ቆሟል። አቧራው ገና በጠዋት ይሞቃል። አንዲት ሴት ከማሳዋ ዳር የቆረጠችውን ጥንቅሽ በባጃጁ መስኮት አቀበለችኝ፤ ጥርሴ ስለማይችለው ለሹፌሩ ሰጠሁት። እሱ እየላጠ ሲመጥ ሽታው ብቻ ለእኔ ደረሰኝ። ከዚያ ሽታ ጋር የሚመጣውን ነገር አውቀዋለሁና ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

ሜሮን ደህና አድርጋ አስረዳች። ፊኛው አውሮፕላን ከሚሄድበትም በላይ ይወጣል። የሚሸከመው መሣሪያ በፀሐይ ይሠራል፤ ከቆቦ የሚላክለትን ተቀብሎ ወደ እያንዳንዱ ሰው ስልክ ያወርደዋል። «ኮረብታ መውጣት ቀረ ማለት ነው» አለች።

«ልጄ፣ ደመናውን እንዳይገፋብን እንጂ» አሉ ሼህ ሙሄ። «እኛ እንጀራችን ከተራራ ወርዶ ማሳችንን በሚያጠጣ ጎርፍ ነው።»

«አይገፋም አባባ። ከደመናው በላይ ነው የሚሆነው።»

«ከደመናው በላይማ የአላህ ነው። አስፈቅዳችኋል?»

ሰዉ ሳቀ። ሜሮንም ሳቀች። ከግድግዳው ሥር አንዲት ሴት ግን ሳትስቅ፣ «ባለፈው ክረምት ልጄን ምጥ ይዟት፣ ኮረብታው ላይ አምቡላንስ ስንጠራ መሸብን። ይሰቀል» አለች።

«ሲወድቅስ?» አለ ሲሳይ ከበሩ።

«ጊዜው ሲደርስ እኛው እናወርደዋለን። ነፋስ ካሳተው ግን ማሳ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ሰው አይጎዳም።»

«የእኛ ሰው ገመድ ካገኘ በሬ ሳያስርበት አያድርም!» አለ አንዱ ገበሬ።

«ለዚህ ነው ጽሑፍ የሚለጠፍበት» አለችና ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት አነሳች።

«ያገኘው ሰውስ ምን ይሆናል?» አለ ሲሳይ።

ሜሮን ጥያቄው አልገባትም። «ምንም። ምን ይሆናል?»

ሲሳይ ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ። እኔም ጃንጥላዬን እያየሁ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ እንዲሁ ማሽላ የደረሰበት ወቅት ነበር። ለሰብል መሰብሰቢያ ትምህርት ሲዘጋ ከቆቦ ወደ አጎቴ ሞላ ቤት መጣሁ። ቤቱ አሁን ትምህርት ቤቱ ካለበት ብዙ አይርቅም ነበር። አጎቴ ረጅም፣ ለመናገር የማይቸኩል ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ማሳው መሀል ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል። ሚስቱ አገርነሽ ሲሳይን አዝላ ከማማው ሥር የማሽላ እሸት ትጠብሳለች፤ እኔ ጥንቅሽ እመጣለሁ። ወፎቹ በድንገት፣ ወንጭፍ ሳይነካቸው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ። ቀና ስንል ቀይ ነገር ከሰማይ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ማሽላው ላይ አረፈ። ቀይ ጨርቅ ነው፣ እንደ ጃንጥላ የተሰፋ። ከላዩ የተቀዳደደ ነጭ ላስቲክ፣ ከታቹ ረጅም ገመድ፣ ከገመዱ ጫፍ ከዳቦ የማይከብድ ነጭ ሣጥን። በሣጥኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ነበረበት። ከየት እንደመጣ የሚናገረው ጠርዝ ተቀዷል፤ የቀረው ግን ይነበባል።

«ምን ይላል?» አለኝ አጎቴ።

«የአየር ጠባይ መለኪያ ነው ይላል ጋሼ። ጉዳት የለውም። ሥራውን ጨርሷል፤ ያገኘው ሰው ይጣለው ይላል።»

«ማነው ጣለው ያለው?»

«ባለቤቱ ነዋ።»

«የታለ ባለቤቱ?»

«ጽፎ ነው ጋሼ፣ እሱማ የለም።»

«ወረቀት ምን ያውቃል! ሰውዬው ራሱ መጥቶ ጣለው ካላለኝ አልጥልም። የሰው ዕቃ ነው።»

እሳቱን አዳፍና ካነበብኩ በኋላ የደረሰችው አገርነሽ ቀዩን ጨርቅ እየዳሰሰች፣ «ለልጄ አንቀልባ ይሆነኝ ነበር» አለች።

«ከሦስት ገበያ በኋላ» አላት።

በእኛ አገር የጠፋ ከብት ወይም ዕቃ ያገኘ ሰው በሦስት ገበያ ያስለፍፋል። ባለቤቱ ካልመጣ ያኔ የራሱ ይሆናል፤ ማንም አይናገረውም። ሳይለፍፍ የወሰደ ግን፣ መርፌም ቢሆን፣ ሌባ ነው። አጎቴ ይህን ሕግ ከአባቱ ነው የወረሰው። ሣጥኑን በአህያዋ ላይ፣ ሁሉም እንዲያየው ከላይ አስሮ፣ መጀመሪያ ዋጃ ወሰደው። አብሬው ሄጄ ነበር። ከእህል ተራው ዳር ቆሞ፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከማሳዬ ላይ ወድቆ ያገኘሁት ይኸው፤ የጠፋበት ምልክቱን ተናግሮ ይውሰድ!» አለ።

«ሞላ፣ ከሰማይ ለወደቀማ ባለቤቱ ማን ሊሆን ነው? ቅዱስ ገብርኤል ወርዶ ይውሰድልህ?» ብለው ሳቁበት። እሱም ፈገግ አለ። ሁለተኛው ገበያ ሮቢት ነበር። ሦስተኛው ቆቦ።

በዚያ ዘመን ከተራሮቹ ማዶ ጦርነት ነበር። ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ የጠላት መገናኛ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። አጎቴ ሣጥኑን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀብሮት ቢሆን ማንም አያውቅም ነበር። እሱ ግን የሰላይ መሣሪያ ሊባል የሚችለውን ነገር በአህያ ጭኖ፣ በሦስት ገበያ፣ በገዛ ድምፁ አስተዋወቀው። ቆቦ ላይ ልፈፋውን ሳይጨርስ የመንግሥት ታጣቂዎች ወሰዱት። አህያዋን ጎረቤት አምጥቶ አገርነሽ ደጅ አሰራት።

እኔ ያኔ ቆቦ ወደ ቤታችን ተመልሼ ነበር። በማግስቱ ጠሩኝ። አጎቴ፣ «የእህቴ ልጅ አንብባልኛለች፤ የአየር ጠባይ መለኪያ ነው ብላኛለች፤ እሷን ጠይቋት» ብሎ ነበርና ነው። አባቴ ጫማውን እያጠለቀ፣

«አንብበሽለታል?» አለኝ።

«አዎ አባዬ።»

«አላነበብሽም። መምህርሽ በአንድ ወረቀት የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ።»

የእንግሊዝኛ መምህራችን በመስከረም ተወስዶ አልተመለሰም ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ የጋዝ ሽታ ነበረው። ካኪ የለበሰ ሰው ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል። ሣጥኑ ተፈልቅቆ ሽቦዎቹ ወጥተዋል፤ ወረቀቱ ተልጦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አጎቴ በባዶ እግሩ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ የሚያድነው ሰው የመጣለት መስሎት ነበር።

«ይህን ጽሑፍ አንቺ ነሽ ያነበብሽለት?» አለ ሰውዬው።

ወረቀቱ ለእኔ ተገልብጦ ነበር። ተገልብጦም እያነበብኩት ነበር። ጉዳት የለውም፣ ይላል።

«አላነበብኩም። እንግሊዝኛ አልችልም» አልኩ።

ሰውዬው ወደ አጎቴ ዞረ። «ይኸው። ምስክርህ አላነበብኩም አለች።»

አጎቴ ትንሽ አየኝ። ረጅም ጊዜ አልነበረም። ከዚያ፣ «ተሳስቼ ነው፤ እሷ አይደለችም» አለ። «አንድ መንገደኛ ነው ያነበበልኝ።»

«ስሙ ማነው?»

«አላውቀውም።»

ሰውዬው ብዕሩን አንሥቶ ጻፈ። እኔን ያዳነኝ መንገደኛ ለእሱ ያልተያዘ ግብረ አበር ሆኖ ተጻፈበት። እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የተመለሰው ሁለት መኸር ካለፈ በኋላ ነው። የቀኝ እጁ ጣቶች አይጨበጡም ነበር፤ ወንጭፍ መያዝ ቀረ። ቤታችን መጥቶ እግሩን ታጠበ፣ በግራ እጁ በላ።

«ትምህርት እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው ጋሼ።»

«በርቺ።»

በዚያ ዓመት በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ ነበር። አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ የሆነ አንድ ነገር አለ። አንዲት የጠፋች ጊደር ማሳው ውስጥ ገብታ አገዳ ስትበላ አያት። አልያዛትም፣ አልለፈፈም፣ ለማንም አልተናገረም፤ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። ማታ ጅብ በላት። ባለቤቷ የአንዲት ድሃ ሴት ልጅ ነበረች። እረኞች አይተውት ነበርና መንደሩ፣ «ሞላ እንኳ የሰው ከብት አላየሁም አለ» እያለ ብዙ ጊዜ አወራው። እጁን ሳይ እችለው ነበር። ይህን ስሰማ ግን አልቻልኩም። ቢሆንም ዝም አልኩ፤ እሱም ዝም እንዳለ ሞተ።

ሲሳይ ያደገው መንገደኛውን እየፈለገ ነው። እናቱ የምታውቀው በክሱ የተጻፈውን፣ አንድ መንገደኛ አነበበለት የሚለውን ብቻ ነው። በየገበያው ሽማግሌ ሲያገኝ፣ በዚያን ዘመን እንግሊዝኛ የሚያነብ መንገደኛ በዚህ አልፎ እንደሆነ ይጠይቃል። ቤቴ ሲመጣም፣ «እትዬ፣ ያ ሰው አንዲት ቃል ቢመሰክር አባቴ ቤቱ ያድር ነበር። የት ይሆን?» ይለኛል። ውሃ አቀርብለታለሁ። ይህን ስንት ዓመት እንዳደረግሁት አላውቅም።

«ጽሑፉን ከአገሩ ሰው አንዱ ጮክ ብሎ ቢያነብልን» አለች ሜሮን ያነሳችውን ወረቀት እንደያዘች። «ከእኔ አፍ ከሚሰሙት ይሻላል።»

«እትዬ ጥሩነሽ ያንብቡልን» አለ ሲሳይ።

ተነሣሁ። ወረቀቱን ሰጠችኝ። በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነው። ሼህ ሙሄ የተሻለ እንዲሰሙ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

«ሲሳይ» አልኩ። «እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አንብቤያለሁ። ለአባትህ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። መንገደኛ አልነበረም።»

ቀና ብዬ አላየሁትም። ወረቀቱን ማንበብ ጀመርኩ። ይህ መሣሪያ ለመገናኛ የሚያገለግል ነው። በሰውም በእንስሳም ላይ ጉዳት የለውም። ያገኘው ሰው ሳይቆርጥና ሳይፈታ ለቀበሌው ያሳውቅ። ያገኘው ሰው አይጠየቅም። ከሩቅ የቆሙት እንዳልሰሙ ሲነግሩኝ የመጨረሻውን ደገምኩት። ያገኘው ሰው አይጠየቅም።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለስኩ። ጃንጥላዬን ይዤ በሜዳው መሀል ወደ በሩ ሄድኩ። ሲሳይ እጁን ከመዝጊያው ላይ አነሣ። ወጣሁ።