መስቀያ የተባለው ሰው

ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ፊቱ ላይ እየተነፈሰበት ቆሞ ስለሚውል ማታ እግሩ ያብጥና ጫማው አልበቃ ይለዋል። እንዲያም ሆኖ በቀጥታ ወደ ቤቱ አይሄድም። ከደንበኛ ልብስ የምትቀበለዋ ሴት በሩን እስክትቆልፍ፣ ካፖርቷን በክንዱ፣ ቦርሳዋን በትከሻው ይዞ ደጅ ላይ ይጠብቃታል። አውቶቡስ ድረስ ይሸኛታል። «አመሰግናለሁ» ትለዋለች። በዚያች ቃል ያድራል።

አጣቢዋ አፏ ክዳን የለውም። «ይኼ ተኳሽ ኢላማ አያውቅም» ስትል ከርማ፣ አንድ ቀን ካፖርቱን እንደያዘ ቆሞ ሲያንጎላጅ አየችው። «ኧረ መስቀያ አንሶን ነው እንዴ ሰው ያቆሙብን!» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ስሙም መስቀያ ሆኖ ቀረ። እሱም አብሮ ሳቀ። ምን ያድርግ?

ቅጽል ስሙ ግን እዚያው አልቆየም። ልብስ አድራሾቹ ይዘውት ወጡ፤ ከሰፈር ሰፈር ዞረ።

ዓመታት አለፉ። እግሩን ታይቶ ከሐኪም ቤት ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ፊቱ ተቀምጠው ያወራሉ።

«እሷ ነች የምትደውልልህ?»

«አይ፣ እኔው ነኝ።»

«በቃ መስቀያ ሆነሃላ!»

ክው አለ። «ምን ማለት ነው ልጄ?»

«አይሰሙም እንዴ ጋሼ? ሴቷ ዞር ብላ ሳታየው ዕቃዋን ተሸክሞ የሚከተል ነዋ። እሷ ላይ ተሰቅሎ የቀረ።»

«ከየት የመጣ ቃል ነው?»

«እንጃ፣ ከውጭ ፊልም መሰለኝ።»

«እኔ ነኝ» ሊል አፉ ድረስ መጥቶለት ተወው።

በማግስቱ ከሥራ ሲወጡ ካፖርቷን ሳያነሳ ባንኮኒው አጠገብ ቆመ። «ዛሬ ራስሽ ያዢው፤ ደክሞኛል» አላት።

ትቆጣለች ሲል ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኔም ደክሞኝ ነበር እኮ። በየቀኑ ማመስገን ቀላል መሰለህ? ተው እንዳልልህ ታሳዝነኛለህ፤ እሺ እንዳልልህ ልቤ የለም። በጓሮ ሾልኬ የወጣሁበት ቀን አለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ መቼ ጠየቅከኝ?»

እውነቷን ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ትወጂኛለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም፤ መልሱን ፈርቶ ነው የኖረው። ካፖርቷን ለበሰችና፣ «በል ደህና እደር፣ ወንድሜ» ብላው ወጣች። «ወንድሜ» ማለቷ የፈራውን ያህል አላመመውም።

አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ በጊዜ ሲገባ አይታ ደነገጠች። «ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«አይ፣ ደክሞኝ ነው።»

«ሥራ በዛ?»

ሶፋው ላይ ጋደም አለ። እህቱ ሬዲዮውን ቀነሰችለትና ራቱን ሸፍና አስቀመጠችለት።